የዘለልኩት ማሳሰቢያ

ዓርብ፣ ጥር 23

ሠላሳ አንድ ገጽ! ዮናስ ቢሮው በር ላይ እንደቆመ ወደ ስልኬ ላከልኝና «ታዲ፣ ሰኞ ካኮ ላይ ለሽማግሌዎቹ ታስረጂልኛለሽ አይደል?» አለ። ቡና ጋብዢኝ የሚል ነው የሚመስለው።

ዮናስ የከብት ጤና ፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነው። ልቡ ጥሩ፣ እግሩ ችኩል። ፕሮጀክቱ ለእናቴ አገር ለካኮ ከብት አርቢዎች ሦስት ስልክ ከነፀሐይ ቻርጀሩ ይሰጣል። ስልኩ ላይ መተግበሪያ አለ። የታመመችውን ላም ፎቶ ታነሳለህ፣ ሐኪሙ እዚህ ጂንካ ተቀምጦ መድኃኒቱን ይነግርሃል። ክትባት መቼ እንደሚመጣ፣ ዝናብ ወዴት እንዳለ ያሳውቃል። ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። አምና በበጋው የአጎቴ የሎሞ ከብቶች ፎራ ላይ እንዳሉ ሲያልቁ ሐኪም የደረሰው ቆዳው ከደረቀ በኋላ ነው። ፎራ ማለት ከብቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ከመንደር ርቆ የሚከርምበት ቦታ ነው፤ ዘንድሮም የአጎቴ ልጅ ጊኖ ነው ይዞ የሚወርደው። ከሦስቱ ስልክ አንዱ ለእሱ ነው።

ግን ሽማግሌዎቹ ስልኩን ከመቀበላቸው በፊት ውሉን ሰምተው አውራ ጣት መጫን አለባቸው። የአጠቃቀም ውል፣ የግላዊነት ፖሊሲ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የእኔ እንግሊዝኛ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ይሄኛውን ጠበቃ ለጠበቃ ነው የጻፈው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሄዳል፣ ነጥብ የሚባል አያውቅም።

ስለዚህ ስልኬ ላይ ላለው ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሉት፣ ሰጠሁት። ፋይሉ በአንዴ አልጫን አለ። ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳሁ ላክሁ። እስከ ዐሥራ ስምንት ሄደ፤ ከዚያ ኔትወርኩ መሽከርከር ብቻ ሆነ። የቀረው የፊርማና የአድራሻ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት። «በቀላል አማርኛ፣ አጭር አድርገህ» አልኩት። በጥቂት ሰከንድ ዘጠኝ ነጥብ! ንጹሕ አማርኛ። ፎቶው የእናንተ ነው። ስማችሁ አይሸጥም። የከብት ብዛት አይጠየቅም። ካልፈለጋችሁ ትተዋላችሁ። እጄን አጨበጨብኩ፣ ብቻዬን፣ ወጥ ቤት ውስጥ።

ከሥሩ ረዘም ያለ ማሳሰቢያ ጨምሯል። ስለ ራስ ምታት ብጠይቀው እንኳ ሐኪም አማክሪ ሳይለኝ አያልፍም፤ ልማዱ ነው። ዘለልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ቀኑን ሙሉ ዘጠኙን ነጥብ ወደ እናቴ ቋንቋ ስገለብጥ ዋልኩ። እናቴ የካኮ ሰው፣ ከበና ብሔረሰብ ነበረች፤ አባቴ ነው ለንግድ መጥቶ የቀረው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ያደረገኝ የእሷ ቋንቋ ነው፤ እንጀራዬ ከእሷ አፍ የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

«ግላዊነት» አስቸገረኝ። በመጨረሻ «ከብትህ ስንት ነው፣ የት ነው ብሎ የማይጠይቅህ ሰው» አልኩት። እኛ ዘንድ ይህን የሚጠይቅ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ሌባ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው እንደሚገባቸው አውቃለሁ። በራሴ ኮራሁ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ችሎት ላይ ቆሜያለሁ። አስተርጓሚ ሦስት ነገር አታደርግም። አትጨምርም። አትቀንስም። በራሷ አትመልስም። ምስክር ቢሳደብ ስድቡን እተረጉማለሁ፣ ቢያስነጥስ ብቻ ነው የማልፈው። ዳኛው አንድ ጊዜ «አንቺ ባለሽበት ችሎት ዝም ያለ ቃል የለም» ብለውኛል። ይህንን ለዮናስ ሁለቴ ነግሬዋለሁ፤ ምናልባት ሦስቴ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል። ሆኖም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ካኮ ገበያው ሞልቷል። ከገበያው ፈንጠር ብሎ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁን። እኛ ዘንድ ንግግር ብቻውን አይሄድም፤ የሚቀበለው ሰው ይመረጥለታል። እኔ አንድ ነገር ስል ተቀባዩ መልሶ ይለዋል፣ ከዚያ ነው ቃሉ ተሰማ የሚባለው። ተቀባዩ አጎቴ ሎሞ ሆኑ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም።

«ፎቶው የእናንተ ነው» አልኩ።

«ፎቶው የእኛ ነው» አሉ።

«ብዛት አይጠየቅም።»

«ብዛት አይጠየቅም።» እዚህ ላይ ሁሉም አጉረመረሙ፣ በደስታ።

ሌሎቹም ጠየቁኝ፤ ወረቀቴን እያየሁ መለስኩ። ዘጠኙም ሲያልቅ አጎቴ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው «ይህ ስልክ ከጊኖ ጋር ፎራ ያድራል። የሚያድርበትን ማን ያውቃል?» አሉ።

«ማንም አያውቅም» አልኩ።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ «ማንም አያውቅም። የእህቴ ልጅ ካለች አለች» አሉና መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን የጫኑ እሳቸው ሆኑ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዮናስ ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሁለቱ ስልክ ካርቶናቸው ሳይከፈት ካኮ ቀሩ፤ ጊኖ የራሱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ፎቶ ተነሣና ከሰዓት በኋላ ወደ ቆላው ወረደ። የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ችሎት፤ የከብት ዘረፋ ክስ። ምስክሩ ፎራው ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ክንዱ ላይ የጥይት ጠባሳ አለ። ዓቃቤ ሕጉ «ዘራፊዎቹ ቦታውን እንዴት አወቁ?» ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩ። ምስክሩ እንደ ሞኝ አየው። «ሰው ነገራቸው እንጂ! ፎራ ያለበትን ሰው ካልነገረ ማን ያገኘዋል? እኛ ቦታ የምንቀይረው፣ በወንድማችን ፊት እንኳ የማንጠራው ለምን ይመስልሃል?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ዳኛው «አስተርጓሚ?» አሉ። በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክሩ እንዲደግምልኝ ለመንኩ።

የአጎቴ ጥያቄ ነው የመጣብኝ። የሚያድርበትን ማን ያውቃል? «ማንም» ያልኩት ከየት አምጥቼ ነው? ከዘጠኙ ነጥብ ውስጥ አልነበረም። ከራሴ ነው። ለአንድ ሽማግሌ በራሴ መለስኩ።

ለዕረፍት ስንወጣ ግንቡ ጥግ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ማሳሰቢያውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «የላክሽልኝ እስከ ገጽ ዐሥራ ስምንት ብቻ ነው። ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ስለ ስልኩ መገኛ ቦታ መረጃ ‘አባሪ ሦስትን ተመልከት’ ይላል፤ አባሪውን አላየሁትም። ስለዚህ ይህ ማጠቃለያ ሙሉ አይደለም። ያንን ሳታነቢ ለሰው አታስረጂ፤ ማንም እንዳይስማማ።»

ከዚህ በላይ ግልጽ ምን ይበለኝ? ማሽኑ የማያውቀውን አላውቅም አለ፤ እኔ ሳላውቅ አወቅሁ አልኩ። አትቀንስም! አትቀንስም እያልኩ ስፎክር ከርሜ ዋናዋን ቀነስኳት።

የቀሩትን ገጾች ለመላክ ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም። ከሰዓት መብራትም ጠፋ። ዮናስ ስልክ አያነሳም፤ መስክ ነው አሉኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ የሚለቀም እንደሆነ ጌታ ይወቅ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

የቀሩት ዐሥራ ሦስቱም ገጽ ሄዱ፤ ሆቴሉ ዋይፋይ አጠገብ ሁለት ሻይ ጠጥቼ። ዛሬ «አሳጥርልኝ» አላልኩትም። «እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንግሊዝኛውን አስቀምጥ፣ ከሥሩ አማርኛውን። አንድም አትዝለል። ያልገባህን አልገባኝም በል» አልኩት። ከዚያ በራሴ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል አመሳከርኩ። ሁለት ቦታ ተጠራጠርኩት። አንዱ ላይ እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ሌላው ላይ ደግሞ እሱ ተሳስቶ ነበር፣ ስነግረው አረመው። እንዲህ ነበር መሥራት የነበረብኝ።

አባሪ ሦስት፦

ስልኩ ያለበትን ቦታ በየሩብ ሰዓቱ ይመዘግባል። መተግበሪያው ቢዘጋም።

ኔትወርክ በሌለበት ይይዘዋል፤ ባገኘ ጊዜ ይልከዋል።

ቦታው ካርታ ላይ ይወጣል። ካርታውን መተግበሪያው ያለው ሁሉ ያያል፣ የትም ወረዳ ይሁን።

ለሰባት ዓመት ይቀመጣል።

ቡድኑ ካርታው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ካልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የምትዘጋም የምትከፍትም በር እሷ ናት።

ዮናስን ቢሮው ያዝኩት። መጀመሪያ «ታዲ፣ ይሄ እኮ ስታንዳርድ ነው፣ ሁሉም አፕ ሎኬሽን ይወስዳል» አለ። ካርታው ለበጎ ነው፣ ሣር ያለበትን አርቢዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲጠቋቆሙ ነው አለ። «ሣር ብቻ ነው የሚታየው?» አልኩት። «ጊኖ ያለበት፣ ከብቱ ያለበት፣ ለማንም ስልክ ለያዘ ሰው?» ጂንካ አራት ዓመት ኖሯል፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

ካርታው የሚከፈተው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣት የተጫነበት አዲስ ወረቀት ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት።

ከበሩ ስወጣ ጠራኝ። ድምፁን ቀነስ አድርጎ «መተግበሪያውን የሠራው ካምፓኒ ዘግይቶ የጨመረው ነው በያቸው። ለምን ራስሽን ታዋርጃለሽ?» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። አልዋሽም፣ እስከ ቤቴ ድረስ በልቤ እየተለማመድኩት ሄድኩ። እንዴት ቀላል ነው! ሠላሳ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ማን ያጣራብኛል?

ሐሙስ፣ ጥር 29

ከዳኛው ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የዮናስን ቃል እየደጋገምኩ ነበር።

አጎቴን ከደጃቸው አገኘኋቸው። ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። «ካምፓኒው» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ተቀባይ ስለሆኑ እንደ ልማዳቸው «ካምፓኒው» አሉና ጠበቁኝ። ያንን ውሸት በአፋቸው መልሰው ሲያወጡት መስማት አልቻልኩም።

«አይ» አልኩ። «እኔ ነኝ። የዘለልኩት ነገር አለ። የሚያድርበትን ማን ያውቃል ስትሉኝ ሳላነብ መለስኩ። ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይችላል።»

«ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይችላል» አሉ፣ ቀስ ብለው። አለቀስኩ፤ ይጻፍ፣ አለቀስኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ልከው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ «አሁን ሁሉንም አንብቢ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። እኔ እቀበላለሁ» አሉ።

ሠላሳ አንዱንም ገጽ! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ድምፄ ተዘጋ። አጎቴ አንዱንም ሳይተዉ መለሱ። ክርክር ቢነሣ የሚታየው ባሕር ማዶ ባለ ፍርድ ቤት ነው የሚለው ላይ ስንደርስ አንዱ ሽማግሌ «እዚያ አገር ያለው ዳኛ ከብት አለው?» ብለው ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። «ከሌለው እንዴት ይፈርዳል?» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባሪ ሦስት ላይ ግን የተኛ አልነበረም።

ተነጋገሩ። ስልኩን ይመልሱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አምና ያለቁትን ከብቶች አሰብኩ፤ ሐኪሙም በእኔ ጥፋት ሊቀር ነው። አጎቴ ግን «መድኃኒቱን እንፈልጋለን። ስልኩ ሁሉ ካኮ ይቀመጥ። ከብት የታመመበት ሰው እግር አለው፣ መጥቶ ይናገራል» አሉ። ይኼው ነው። ሠላሳ አንድ ገጽ ያላሰበው መፍትሔ።

ቦታችን አይመዝገብ፣ ካርታ ላይ አይውጣ የሚለውን በአማርኛ ጻፍኩ፤ ጣታቸውን ጫኑ። አጎቴ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማድረጋቸው በፊት «አሁን የቀረ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁና «የለም» አልኩ።

የጊኖ አንድ ጓደኛ ስልኩን ሊያመጣ ወደ ፎራ ተነሣ። ፈጣን ነው፤ ቢሆንም የሁለት ቀኑ መንገድ አንድ ቀን አይሆንም። ካርታው ነገ ስድስት ሰዓት ይከፈታል። ጊኖ ደግሞ አመሉን አውቀዋለሁ፤ ከፎራው በላይ ኔትወርክ የሚይዝ ኮረብታ አለ፣ አዲሱን ስልክ ይዞ ወጥቶ ለሚስቱ ይደውላል።

ዓርብ፣ ጥር 30

ሦስት ሰዓት ላይ ዮናስ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከው።

አራት። መልስ የለም።

አምስት። ዮናስ ደወለ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ።

አምስት ተኩል። «ደርሶናል» የሚል አንድ ቃል መጣ። ደርሶናል ምን ማለት ነው? ይዘጋል? አይዘጋም? ለኤአዩ እንኳ አሳየሁት። «ከዚህ ቃል ብቻ ተቃውሞውን ተቀብለውታል ማለት አልችልም፤ በግልጽ ጠይቂያቸው» አለኝ። ዛሬ ማሳሰቢያውን ከመጀመሪያው አነበብኩ። ዮናስ በግልጽ ጠየቀ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ካርታው ተከፈተ። ዮናስ ኮምፒውተሩ ላይ አየ፤ የካኮ ቡድን ምንም ምልክት የለም። «ወይ ዘግተውታል፣ ወይ ስልኩ ገና ኔትወርክ አላገኘም» አለ። የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም። ካርታው በየጥቂት ደቂቃው ይታደሳል። እዚያ ቆሜ ቆላውን፣ ያንን ባዶ ቡናማ ቦታ፣ ነጥብ እንዳይወጣበት ስጸልይ ዋልኩ። አንድ ጊዜ አርቦሬ፣ ሌሎቹ ከብት አርቢዎች ያሉበት አካባቢ፣ ነጥብ ብልጭ ሲል የዮናስን ክንድ ጨበጥኩ፤ የሌላ ቡድን ነው አለኝ። የሌላ ቡድን ነው ብዬ ተነፈስኩ፤ ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ለእነዚያስ ማን አነበበላቸው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ጠዋት የዮናስ መልእክት፦ «የካኮ ቡድን መገኛ ቦታ ተዘግቷል፣ በጽሑፍ አረጋግጠዋል።» ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። የተዘጋው መቼ ነው? ከመከፈቱ በፊት ነው በኋላ? አይልም።

ከምሳ በኋላ አጎቴ ደወሉ። በአንድ ካኮ ባለ ሱቅ ስልክ ነው፤ ዙሪያቸው ሰው ይንጫጫል። ስልኩ መጥቷል አሉ። ጊኖ እህል ሊወስድ ወደ ካኮ ሲመለስ ጓደኛውን መንገድ ላይ አግኝቶት ሰጠው።

«ከፍቶት ነበር? ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነበር?» ጮህኩ መሰለኝ።

«አልከፈተውም» አሉ። «ሰኞ ዕለት ሲነሣ፣ ሰው እስክልክብህ ድረስ እንዳትከፍተው ብዬዋለሁ።»

አልገባኝም። «ጣትዎን ጭነው አልነበረም እንዴ?»

«ሌላውን ሁሉ ስትመልሺ ወረቀቱን ታይ ነበር። የሚያድርበትን ማን ያውቃል ስልሽ ግን እኔን አየሽ።»

«ታዲያ ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገሩኝም?»

«በእንግዳ ፊት? የእህቴን ልጅ?»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ራስሽ መጣሽ። እንደምትመጪ አላወቅሁም ነበር፤ መጣሽ። ከዚያ ማንበብ ጀመርሽ፣ ማን ያስቁምሽ!» ሳቁ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ሲስቁ ሰማሁ። ታሪኩ ካኮን አዳርሷል ማለት ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ስልኩን ዘግቼ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ዳንን። የዳንነው ግን በእኔ ማንበብ አይደለም፣ በማሽኑም አይደለም፤ አንድ ማንበብ የማያውቁ ሽማግሌ ዓይኔን ስላነበቡ ነው።

ለዮናስ ስለ አርቦሬዎቹ ጻፍኩለት። «ማን አነበበላቸው? ምን ተባሉ?» አልኩት። ማንበቡ ይታያል፣ መልስ ገና አልሰጠም።

ከነገ ወዲያ ችሎት አለኝ። እንደ ሁልጊዜው ቀኝ እጄን አንሥቼ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ብዬ እምላለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልኩት ቃል ነው፤ ሰኞ ድምፄ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አላውቅም።